ቃሬዛ የተሸከመ ትከሻ

ኮረብታውን የያዝነው ከጧቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ነው። ስሙን አናውቀውም ነበር፤ አናቱ ላይ አንዲት ወይራ ስለነበረች «ወይራዋ» እንለዋለን። እኔ ከእብናት የዘመትኩ፣ በቃሬዛ ጓዱ ውስጥ ብቸኛዋ ሴት ነበርኩ። ሥራችን ቁስለኛ ማውረድ ነው።

ረፋዱ ላይ መድፍ ጀመረ። አወረድን። ተመልሰን ወጣን። ደግሞ አወረድን። ስድስት ሰዓት ገደማ አብሮኝ ከኋላ የሚሸከመው ጓደኛዬ ተመታ፤ የኋላውን ጫፍ ብቻዬን ያዝኩ። ቁልቁለቱ ላይ እግሬ ሲከዳኝ ክብደቱ ሁሉ ቀኝ ትከሻዬ ላይ አረፈ። ውስጤ እንደ ጨርቅ ሲቀደድ ተሰማኝ። ከፊት ያለው አሥር አለቃ ደምሴ ዞር አለ።

«ቻልሽው?»

«ቻልኩት።»

ቁስለኛውን አልጣልነውም። እስኪመሽ በግራዬ ተሸከምኩ። ሰው እግሩን አጥቶ እያየሁ ስለ ትከሻ ማውራት አፈርኩ።

ከሠራዊቱ ተሰናብቼ አገሬ ስገባ እጄ ከደረቴ በላይ አልነሳ አለኝ። ወጌሻ አሸኝ፤ ባሰብኝ። ወንዛዬ ፍል ውሃ ሰነበትኩ፤ ሕመሙ ጋብ ቢልልኝም እጄ አልተፈታም። እናቴ ዘንድ ትቻት የሄድኩትን ልጄን ፀጉሯን የምትሠራት ጎረቤት እንጂ እኔ አልነበርኩም። በመጨረሻ እናቴ «በቃ፣ ለሐኪም አሳዪው» ብላ ደብረ ታቦር ላከችኝ።

ሐኪሙ ክንዴን ወደ ላይም ወደ ጎንም ሞከረው።

«እህቴ፣ አጥንትሽ ደህና ነው። ክንድሽን የሚያነሳው ጅማት በከፊል ተቀዷል። አመመኝ ብለሽ ስላላንቀሳቀስሽው ደግሞ መገጣጠሚያው ደርቋል።»

«ቀዶ ጥገና ነው?»

«ለጊዜው አያስፈልግም። እንቅስቃሴና ትዕግሥት ነው።»

ጣቶቼን ግድግዳ ላይ ቀስ በቀስ ወደ ላይ ማስኬድ አስተማሩኝ። ክረምቱን ሙሉ ጧትና ማታ የቤታችንን ጭቃ ግድግዳ በጣቶቼ ወጣሁት። ያለቀስኩባቸው ቀኖች አሉ። ጥቅምት ላይ ልጄን ጉልበቴ መሃል አስቀምጬ ሹሩባ ሠራኋት። መስመሩ ጠማማ ነው፤ እሷ ግን እየዞረች ለሰፈሩ አሳየችው።

ያን ሰሞን ለደምሴ ደወልኩ። ሐሙሲት ነው የሚኖረው፤ ጉልበቱ አልታጠፍ ብሎት ደረጃ መውጣት አቅቶታል።

«እርጅና ነው፣ ተይው» አለኝ።

«አይደለም። ማክሰኞ ና፣ ደብረ ታቦር መናኸሪያ እጠብቅሃለሁ።»

መጣ። እያነከሰ ከሚኒባሱ ወረደ። ሐኪሙ ጋ ወሰድኩት፤ አሁን እሱም እንቅስቃሴውን ጀምሯል፤ በየሳምንቱ እየደወለ ስንት ደረጃ እንደወጣ ይነግረኛል።

የቃሬዛ ጓዳችን ስድስት ነበርን። ሦስቱ ኮረብታው ላይ ቀሩ፤ አንዱ ሆስፒታል ደርሶ ሞተ። ለእነሱ ማድረግ የምችለው ስማቸውን ለጸሎት መስጠት ብቻ ነው። በሕይወት ያለውን ግን «የት ላይ ነው የሚያምህ?» ብሎ መጠየቅ ይቻላል።