መጨረሻቸው ሱፍራ የሆነ መጻሕፍት

የወጣሁ ሌሊት ልጄ ሰዓዳ ተኝታ ነበር። ከኮምቦልቻ ወዲያ ካለችው ትንሽ ከተማችን ወደ አዲስ አበባ የሚሄደው መኪና ከሱብሒ ሶላት በፊት ስለሚነሣ፣ ልቀስቅሳት ወይስ ልተዋት እያልኩ አልጋዋ አጠገብ ቆምኩ። እናቷ "ተዋት፣ ለቅሶዋን ሰምተህ ከምትሄድ ይሻልሃል" አለችኝ። ተውኳት። ያኔ ፊደል እየቆጠረች ነበር፤ ዛሬ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ናት፣ እሷም ልውጣ ትላለች። ይህን የምጽፈው ስለዚህ ነው።

እኔ ያለሁት ሪያድ፣ ሳዑዲ ነው። ሰናኢያ በሚባለው የፋብሪካ ሰፈር የአንድ ሴራሚክ መጋዘን ሐሪስ፣ በእኛ አነጋገር ዘበኛ ነኝ። ክፍሌ ከብረት በሩ ጎን ናት። ኢቃማዬ፣ የመኖሪያ ፈቃዴ ማለት ነው፣ ጊዜው ካለፈ ቆየ። የሚያሳድሰው ከፊሌ፣ አሠሪዬ ነው፤ አያሳድስም። ፓስፖርቴም እሱ ጋ ነው። ወጥቼ ብያዝ ተርሂል ይጠብቀኛል፤ ታስሬ ቆይቼ ባዶ እጄን እባረራለሁ፣ የሰዓዳም ትምህርት በዚያው ያበቃል። ስለዚህ ቀኑን ሙሉ ለጭነት መኪና በር እከፍታለሁ፣ ራሴ ግን አልወጣም። እኛ አገር ሐምሌ ጭጋግ ነው። እዚህ ሐምሌ ሲሆን የበሩ እጀታ በጨርቅ ካልሆነ አይያዝም።

ከዚህ ክፍል ብዙ ሰው ተይዞ ሄዷል። አንድ ሰው ሲያዝ ልብሱን የሚሄድ ካለ እንልክለታለን፣ ካልሆነ እንካፈለዋለን። መጽሐፉን ግን የሚካፈለው የለም። ያ ሁሉ መጽሐፍ በሙዝ ካርቶን ተጠራቅሞ ጠበቀኝ። ትምህርት ያቆምኩት ከአራተኛ ክፍል ነው፤ የቀረውን ራሴን በራሴ ስላስተማርኩ በመጽሐፍ ቀልድ አላውቅም። ከላይ ጀምሬ ሁሉንም ላነብ ቆረጥኩ።

የመጀመሪያው ስለ ሀብት ነበር። ጠዋት ተነሥተህ መስታወት ፊት ቆመህ "እችላለሁ" በል ይላል። ክፍሏን ለሚጋራኝ ለጫኙ ለሙሄ አነበብኩለት። ሙሄ ማንበብ አይችልም፣ መስማት ግን ይወዳል። በማግስቱ "እችላለሁ" እያለ ሁለት ካርቶን ሴራሚክ ባንዴ አነሣና ወገቡ ተያዘ። ማታ በቪክስ ሳሸው "ጋሼ፣ ደራሲው ሴራሚክ አንሥቶ ያውቃል?" አለኝ። የሚያውቅ አይመስለኝም አልኩት። ሰው ያልሠራበትን ነገር ባይመክር ጥሩ ነው።

የዶሮ እርባታውን መጽሐፍ ግን ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። የጻፈው ሰው አይጮህም፣ አይሰብክም፤ የሚያውቀውን ይናገራል። ዶሮ በጠባብ ቤት ብዙ ከተዘጋባት የራሷንም የጎረቤቷንም ላባ ትነቅላለች ይላል። ሙሄ ይህን ሲሰማ ማኘኩን አቆመ። "ይኼኛውስ እዚህ ኖሯል" አለ።

የመንጃ ፈቃድ መማሪያውን ሳነብ ከፊሌ መጣብኝ።

"ሐሪስ ነህ ወይስ ቃዲ?"

"ሐሪስ ነኝ፣ ያ ዓሚ።"

"ታዲያ ምን ታነባለህ?"

"ስለ መኪና መንዳት።"

"መኪና አለህ?"

"የለኝም።"

"መንጃ ፈቃድ?"

"የለኝም። እሱን ለማውጣት ኢቃማ ያስፈልጋል ይላሉ።"

ሳቀ። "ኢንሻአላህ" አለና ሄደ። ቃሉ የአላህ ነው፤ እሱ ግን የበር መዝጊያ አድርጎታል።

ካርቶኑ መሐል ሽፋን የሌለው ልብ ወለድ ነበር። ልብ ወለድ አልወድም፤ ያልሆነን ነገር ሆነ ብሎ መጻፍ ውሸት ነው ባይ ነበርኩ። ይኼ ግን ያዘኝ። አንዲት ልጅ አባቷን ሳታስፈቅድ ከነጋዴ ጋር ከተማ ትገባለች። ያየችው መከራ ብዙ ነው። ዓመታት አልፈው ወደ አባቷ ደጅ ትመለሳለች፣ ልታንኳኳ እጇን ታነሣለች። ገጹን ገለጥኩ፤ ቀጣዩ የለም።

ሌሎቹን አገላበጥኩ። የዶሮው የመጨረሻ ምዕራፍ የለም። የመንጃው መልሶች የሉም። ቀና ስል ሙሄ ከብሳውን መሬት ላይ እያቀረበ ነው፤ ከሩዙ ትሪ ሥር የተነጠፈው ወረቀት በዘይት ርሷል።

"ሙሄ፣ የምን ወረቀት ነው?"

"ሱፍራ ነዋ ጋሼ። ላስቲኩ ካለቀ ቆየ እኮ።"

"ከየት ነው የምትቀደው?"

"ከኋላ ነው። ከፊት ነክቼ አላውቅም።" ፊቴን አየና ድምፁ ቀነሰ። "እርስዎ ከፊት አይደል የሚጀምሩት? እዚያ እስኪደርሱ ሱፍራ እንገዛለን ብዬ ነው።"

እኛ አገር እንጀራው ራሱ ሱፍራ ነው፤ ወረቀት የሚነጠፍለት ምግብ የለንም። ሙሉ ሆኖ የተገኘው ገብሬ የሚባል የጎንደር ልጅ ትቶት የሄደው የጸሎት መጽሐፍ ብቻ ነበር። "የአምላክ ስም ላይ አይበላም" አለ ሙሄ። እኔም እስላም ብሆንም በላስቲክ ጠቅልዬ ከፍ ካለ ቦታ አስቀመጥኩት።

ዓርብ ዓርብ ለሰዓዳ እደውላለሁ። ደላላ እንደሚያነጋግራት እናቷ ነግራኛለች። ስገሥጻት ዝም ስለምትል፣ ያን ዓርብ በምክር ፈንታ የልጅቷን ታሪክ ነገርኳት፤ መከራውን አንድም አላስቀረሁም። ሳታቋርጠኝ ሰማች።

"አባ፣ ከዚያስ? አባትየው ከፈተላት?"

አልከፈተላትም ማለት ይቻለኝ ነበር። ቃሉ ምላሴ ላይ ነበር፤ ምናልባት ያስቀራት ነበር። ግን ልጄን በውሸት አላሳደግኳትም።

"ገጹ የለም። ሙሄ ሱፍራ አድርጎታል።"

ሳቀች። ሳቋን ከሰማሁ ቆይቼ ነበር። "እሺ፣ ገጹ እስኪገኝ አልሄድም" አለች፤ ስትቀልድ ይሁን ስትምል አልለየሁም። ቀጥላ ደግሞ "አንተ ብትሆንስ ትከፍት ነበር?" አለችኝ።

"አንቺ አትሄጂም፣ ምን አስጠየቀሽ?" አልኳት በቁጣ። አባት ሁሉ እንዲህ ይመልሳል።

ከዚያ በኋላ ዓርብ በመጣ ቁጥር "አገኘኸው?" ትለኛለች። ለሚጭኑት ሾፌሮች ተናገርኩ፣ ባዲዓ በሚባለው ሰፈር ላሉ የአገር ልጆች በስልክ አስጠየቅሁ። ሽፋን ስለሌለው ስሙን አላውቅም። ሙሄም ከጥፋቱ ወዲህ ሱፍራ በካርቶን ያነጥፋል፤ ያገኘውንም ብጣሽ ወረቀት ሁሉ "ይኼ ይሆን?" እያለ ያመጣልኛል። አንዴ የመድኃኒት መመሪያ አመጣ። ያላነበበ ሰው እንዲህ ይደክማል፤ ያነበብኩት እኔም ከእሱ የተሻለ አላገኘሁም።

ያለፈው ዓርብ ደወልኩ። አልጠየቀችኝም። ከጀርባዋ የመኪና ድምፅና የረዳት ጥሪ ይሰማል።

"የት ነሽ?"

"ገበያ።"

በእኛ ከተማ ዓርብ ገበያ የለም። በዚህ ጊዜ ግን አልተቆጣሁም።

"ሰዓዳ፣ አባትየው ይከፍትላታል" አልኳት።

 "ገጹን አገኘኸው?" አለች።

"አላገኘሁትም።"

"ታዲያ በምን አወቅህ?"

ልመልስላት አፌን ስከፍት የጭነት መኪና ከውጭ ጥሩምባ ነፋ። ስልኩን በትከሻዬ ይዤ በሩን ከፈትኩ። መኪናው ገብቶ ሞተሩ ሲጠፋ መስመሩ ተቋርጦ ነበር። ከዚያ ወዲህ ስደውል ስልኳ ዝግ ነው ይለኛል። እናቷም ስልክ አታነሣም።