ከዳር ሲታይ

መካነ ኢየሱስ ከተማ ኮምፒውተር አስተምራለሁ። አንዱን ኮምፒውተር አምስት ተማሪዎች ከበው ይማሩበታል። ባለ ትልቅ ሆዱን አሮጌ ስክሪን አምርሬ እጠላው ነበር፤ ጠረጴዛውን ይሞላል፣ ዓይን ያደክማል። ቀጫጭኖቹ ሲመጡ በደስታ የምይዘው የምጨብጠው ጠፋኝ።

ዳር የተቀመጡት ተማሪዎች ግን፣ "መምህር፣ እኛ ጋ ይጠቁራል" አሉ። ምስጋና ቢሶች ብዬ ጮህኩባቸው።

በዚያው ሰሞን መሪጌታው አባቴ ሊጠይቁኝ መጡና ክፍሉ ውስጥ ዳር ተቀመጡ። ትምህርቱ ሲያልቅ፣ "ቤተ ልሔም የዜማ ትምህርት ቤት ድጓ ስንማር አንዱን መጽሐፍ ለስድስት ከበን እናነብ ነበር" አሉኝ። "እኔ ከመምህሩ ፊት ለፊት ስለምቀመጥ ፊደሉን ገልብጬ ማንበብ ለመድኩ። የተገለበጠም ቢሆን ግን ይታየኝ ነበር። እስቲ አንተ እዚህ ተቀመጥ።"

ተቀመጥኩ። እውነትም ከጎን ሲያዩት ጥቁር ነው። ያ የጠላሁት አሮጌ ለአምስቱም እኩል ይታይ ነበር። በማግስቱ ተማሪዎቼን ይቅርታ ጠየቅኩ፤ ቦታም በየተራ መቀያየር ጀመርን።

ዘንድሮ ከየትኛውም ጎን ይታያሉ የተባሉ አዳዲሶች መጡልን። ተማሪዎቹ ፊት ፊቴን ያያሉ። አንዱን ከፈትኩና ሄጄ ዳር ካለው ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ፊደሉ ጥርት ብሎ ይነበባል።

ደስ ያለኝ ያኔ ነው።