በበረዶ የሚኖረው አታናስ በረዶን ሲያባርር

አታናስ እንጀራው በረዶ ነው። በረዶ ከሌለ በስኪ መንሸራተት የለም፣ ስኪ ከሌለ እንግዳ የለም፤ እንግዳ ከሌለ ደግሞ ተራራውን ከነደኑ ጠቅልሎ የያዘው ኩባንያ አታናስን ምን ሊያደርገው? እሱ ግን በየዓመቱ በቅዱስ አትናቴዎስ ዕለት የኩባንያውን ጃኬት ያወልቅና በአያቱ የሐር ሸሚዝ ተራራው አናት ላይ ቆሞ እንደ አያቱ «ክረምት ሂድ! በጋ ና!» ብሎ ይጮኻል። የበላበትን ወጪት ሰባሪ ማለት ይኸው ነው።

በቡልጋሪያዋ ቬልኮቮ መንደር ቅዱሱ በዚያ የጥር ዕለት ሐር ለብሶ፣ በነጭ ፈረስ ተራራ ወጥቶ ክረምቱን ያባርረዋል ይባላል። አታናስ የቅዱሱን ስም ወርሷል። ፈረስ ባይኖረውም ሰው ተሸክሞ ሽቅብ የሚወጣ የገመድ ወንበር አለው። ሥራውም ከላይኛው ጣቢያ ጎጆ ሆኖ ከወንበሩ የሚወርዱትን እንግዶች አፍንጫቸው ከበረዶው ጋር እንዳይተዋወቅ ክንዳቸውን መያዝ ነው። ኩባንያው ጥርስ የሚያሳይ ፈገግታም አዟል። አታናስ የፊት ጥርሶቹ ስለወለቁ «ጥርስ ከፈለጉ ይግዙልኝ» ብሎ አፉን ገጥሞ ይሠራል። ያችን የላይ ጎጆ ከሚስቱ ከራይና ቀጥሎ ይወዳታል፤ ራይና ግን ቅደም ተከተሉን ትጠራጠራለች።

በበዓሉ ዋዜማ ከሶፊያ የመጣችው አዲሷ ሥራ አስኪያጅ ቪዮሌታ ቢሮዋ አስጠራችው።

«ጋሽ አታናስ፣ ነገ እንዳይጮኹ።»

«ልጄ፣ እኔ ብተወው ቅዱሱ ይቀየማል።»

«ቅዱሱ ደሞዝ አይከፍልዎትም! ዘንድሮ ሰማዩ እምቢ ብሎን በረዶውን በማሽን እየነፋን ነው። እርስዎ እንግዳ ፊት ሂድ ይሉታል? ድምፅዎ ይሰማና ከላይ ወርደው መኪና ማቆሚያ ነው የሚሠሩት።»

መኪና ማቆሚያ ማለት ጭቃ፣ ጭስና የጡሩምባ ጩኸት ነው፤ ኩባንያው የተቀየመውን ሰው የሚጥለው እዚያ ነው። አታናስ ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደውም። ቢጮህ ጎጆዋን ያጣል፤ ዝም ቢል ክረምቱ እንደ ክፉ አማት ተደላድሎ ይቀመጣል። ይህን ደግሞ ከልቡ ያምናል።

በማግስቱ የአያቱን ሸሚዝ ከጃኬቱ ሥር ለብሶ ወጣ። ከታችኛው ጣቢያ ጓደኛው ስታመን በሬዲዮ ለከፍ አደረገው።

«አንተ፣ ምነው ዛሬ አፍህ ተሰፋ? ሚስቴ ጠይቀው ብላኛለች፤ ዘንድሮ በጋ አለ ወይስ የለም?»

«አፌ እንጂ ጭንቅላቴ አልተሰፋም» አለና ሬዲዮውን ዘጋው።

በስም ቀን፣ ማለትም ስሙን የወረሱት ቅዱስ በሚከበርበት ዕለት፣ ሳይጠራ የመጣ ሁሉ እንግዳ ነው፤ ይበላል፣ ይጠጣል። ስለዚህ አንድ አውቶቡስ ሙሉ ጀርመኖች በየወንበሩ ሲደርሱ አታናስ ራይና የጋገረችውን የአይብ ቂጣ ቆርሶ፣ የፕሪም አረቄ ቀድቶ ተቀበላቸው። ጉንጯ የቀላ አንዲት ሴትዮ ብርጭቆዋን አንስታ «ለስም ቀንህ ምን ተብሎ ነው የሚመረቀው?» አለችው።

አታናስ ግራ ቀኙን ቃኘ። ከዚያ በሥራ በለቃቀማት ጀርመንኛ «ወደ ሸለቆው ዞራችሁ፣ ሳንባችሁ እስኪወጣ መጮኽ አለባችሁ። ቀስ ተብሎ ከተባለ አይቆጠርም» አላትና ቃሎቹን በጆሮዋ ሹክ አላት። እሷም ለባሏ፣ ባሏም ለቀሩት አቀበሉ። አረቄ ያሞቀው የጀርመን ማኅበር በተሰባበረ ቡልጋርኛ «ክረምት ሂድ! በጋ ና!» ሲል ቁራዎቹ ከጥዱ ላይ ብን ብለው ጠፉ።

ከሰዓት በኋላ ቢሮ ተጠራ። ቆቡን በእጁ ይዞ ገባ።

«የኔ ድምፅ አልተሰማም» አለ ገና ከበሩ። «የጮኹት እንግዶች ናቸው። እንግዳ የጠየቀውን አትከልክሉ ያላችሁን እናንተ ናችሁ።»

ቪዮሌታ ግን ጥርሷ ሁሉ እየታየ ነበር። «እንግዶቹ ምን እንደጻፉ ቢያዩ! በሕይወታችን እንዲህ ተደስተን አናውቅም ብለዋል። ጋሽ አታናስ፣ ከነገ ጀምሮ በየቀኑ ይጮኻሉ። ጠዋት አንዴ፣ ከምሳ በኋላ አንዴ። ነጭ ፈረስም እናመጣለን።»

«በረዶውስ?»

«እሱን ለማሽኑ ይተዉት።»

ፈረሱ መጣ። ደረቱ ላይ የኩባንያው ምልክት የተጠለፈበት አዲስ ሸሚዝም መጣ። አታናስ ጮኸ፤ ቪዲዮ ያመለጠው እንግዳ «አባባ፣ አንዴ ይድገሙልኝ» ሲለው እንደገና ጮኸ። በየቀኑ ሂድ የሚሉት እንግዳ ደግሞ አይሄድም። ክረምቱ ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ በረዶውን ያወርደው ጀመር፤ ፋሲካ አልፎ እንኳ የመንደሩ ድንች ማሳ ነጭ እንደለበሰ ነበር። ኩባንያው በደስታ ሰከረ። የመንደሩ ሰው ግን አታናስን ሲያይ መንገድ ይቀይር ነበር።

«የአያትህን ቃል ሸቀጥ አደረግኸው» አለችው ራይና። አታናስ አፈረ።

በሚቀጥለው ዓመት የገና በዓል እንዳለፈ ቪዮሌታ ዘንድ ሄደ።

«መኪና ማቆሚያው ሰው ይፈልጋል?»

«እሱ እኮ ቅጣት ነው፣ ጋሽ አታናስ!»

«እንግዲያው ይቅጡኝ።»

በቅዱስ አትናቴዎስ ዕለት ከላይ ተራራው ላይ አንድ ድምፀ መረዋ ጎረምሳ በማይክሮፎን ይጮኻል፣ ፈረሱ ያሽካካል፣ ሕዝቡ ያጨበጭባል። አታናስ ከታች ጭቃው ውስጥ ቆሞ ጫጫታው እስኪያልቅ ጠበቀ። ከዚያ በሁለት አውቶቡሶች መካከል ገባ፣ ጃኬቱን ከፍቶ የአያቱን ሸሚዝ ለተራራው አሳየ።

«ያኛውን አትስማው፤ ደሞዝተኛ ነው» አለው ክረምቱን በለሆሳስ። «እኔ ነኝ። በቃ ሂድ።»

ይህን ከማለቱ ከአውቶቡሱ ጣሪያ ላይ መቅለጥ የጀመረ በረዶ ሸርተት ብሎ ማጅራቱ ላይ ዘፍ አለ፤ ውሃው በሐር ሸሚዙ ውስጥ እስከ ወገቡ ወረደ። አታናስ ሳቀ። ኩባንያው ስንት ዓመት ሲለምነው የኖረው ፈገግታ፣ የቀሩት ጥርሶቹ ሁሉ እስኪታዩ፣ እዚያ ማንም በሌለበት ወጣ።