ከልጄ አልጋ ኋላ የበቀለው

ትንንሽ ነገሮችን አጉልቶ ፎቶ ማንሳት ማንም አላስተማረኝም። ከተበላሸ ካሜራ ሌንስ ፈትቼ፣ ገልብጬ በሌላ ካሜራ ላይ በፕላስተር አሰርኩት፤ የጉንዳን ዓይን ታየኝ። እንጀራዬ የቤት ኤሌክትሪክ መዘርጋት ነው። ክረምት ሲገባ ግንባታው ይቀዘቅዝና ጊዜ ይተርፈኛል፤ ግን ያኔ የሚነሳ ነገር ይጠፋል። በመስከረም ሀና ማርያም አካባቢ ያለው ባዶ ቦታ ሁሉ ንብና ቢራቢሮ ነው። በሐምሌ ሁሉም ይደበቃል። የሚቀረው ቀንድ አውጣ፣ የልብስ ማስጫ ሽቦ ላይ የተንጠለጠለ ጠብታ፣ አጥር ሥር የበቀለ እንጉዳይ ነው።

አንድ ጠዋት ጭቃ ላይ በሆዴ ተኝቼ ቀንድ አውጣ ሳነሳ፣ ወተት የሚያመጡልን ጎረቤታችን ከነጄሪካናቸው አጠገቤ ቆሙ።

«አንተ፣ ምን ወደቀብህ?»

«ምንም እማማ፤ ቀንድ አውጣ ፎቶ እያነሳሁ ነው።»

«ለመታወቂያ ነው?» ብለው እየሳቁ አለፉ።

ከዚያ በኋላ ዝናቡ ሳምንት ሙሉ አላባራም። ከፉሪ በኩል የሚመጣው ጉም ግቢያችን ውስጥ ገብቶ ተኛ፤ በቀትር መብራት እናበራ ነበር። ካሜራዬን ይዤ ቤት ውስጥ መፈለግ ጀመርኩ። መጋረጃ ላይ የደረቀ ዝንብ አነሳሁ። ምስጥ ከበሩ እንጨት ያራገፈውን ዱቄት አነሳሁ። ሁለቱም አላረኩኝም።

ልጄ አሥረኛ ክፍልን ጨርሳ ለእረፍት ቤት ነበረች። ክረምቱ ከገባ ጀምሮ ያስላታል። ምክንያቱን አውቄዋለሁ ብዬ ነበር፤ መስኮት ትከፍታለች። በቤቴ ክረምት ላይ መስኮት አይከፈትም። ንፋስ ሰው ይመታል ተብዬ ነው ያደግሁት፤ ታክሲ ውስጥ እንኳ መስኮት የሚከፍት ሰው ሳይ ዝም አልልም። ስለዚህ የክፍሏን መስኮት ክፍተት በፌስታል ጠቀጠቅሁት፤ መዝጊያውንም በምስማር መታሁት።

«አባዬ፣ አየር ያጥረኛል» አለችኝ።

«የሚያጥርሽ ትዕዛዝ ማክበር ነው» አልኳት። ዳማከሴ ጨምቄ አጠጣኋት፤ ሹራብ ደርቢ፣ ስልክሽን አስቀምጪ ብዬ መከርኳት።

በማግስቱ ሶኬቷን ልጠግን አልጋዋን ከግድግዳው ስስብ፣ ልስኑ ላይ መዳፍ የሚያህል ግራጫ ነገር አየሁ። ሻጋታ ነው። በረኪና አምጥቼ መጥረግ ነበረብኝ። እኔ ግን ካሜራዬን አመጣሁ።

በሌንሱ ውስጥ ደን ነበር። ግንዱ እንደ ብርጭቆ ብርሃን ያሳልፋል፤ በእያንዳንዱ ጫፍ ላይ ጥቁር ዶቃ ተቀምጧል። ቅጠል የለውም። ሁሉም ቀጥ ብሎ ቆሞ የሆነ ነገር የሚጠብቅ ይመስላል። ክረምቱን ሙሉ የፈለግሁትን አገኘሁ ብዬ ፈጣሪዬን ማመስገኔን አልደብቅም። አልጋውን ቀስ ብዬ ወደ ቦታው መለስኩት፤ ለማንም አልተናገርኩም።

ከዚያ በየቀኑ፣ ልጄ ሳሎን ምሳ ስትበላ፣ እገባና አነሳለሁ። መዳፍ ያህል የነበረው ትሪ አከለ።

«አንተ ሰውዬ፣ እዚያ ክፍል ምን ረሳህ?» አለችኝ ሚስቴ።

«ሶኬቱ እያስቸገረኝ ነው» አልኳት። ልጆቼን ሲዋሹ የምቀጣ ሰው ነኝ።

በዘጠነኛው ቀን ልጄ ትኩሳት ያዛት። ምሳ አልበላችም፤ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ እንቅልፍ ወሰዳት። ቀትር ቢሆንም ክፍሉ ጨልሟል። ያን ቀንም ማንሳቴን አልተውኩም። አልጋውን ከነእሷ ትንሽ ሳብኩና በክፍተቱ ገብቼ ተንበረከክሁ። እንዲህ ተጠግቶ ሲነሳ የራስ ትንፋሽ ሥዕሉን ያበላሸዋል፤ ትንፋሼን ያዝኩ። መስኮቱ በምስማር ተመቷል፤ ንፋስ የሚባል የለም።

ደኑ ተንቀሳቀሰ።

ግንዶቹ ሁሉ አንድ ላይ ጎንበስ አሉ፤ አንድ ላይ ቀና አሉ። ጎንበስ፣ ቀና። ጣሪያው ላይ የሚወርደው ዝናብ ጋብ ሲል፣ ጆሮዬ ሥር የልጄን ትንፋሽ ሰማሁ። እኩል ናቸው። እሷ ስትስብ ይመጣሉ፣ ስታስወጣ ይመለሳሉ። ከዚያ አሳላት፤ ደኑ ከዳር እስከ ዳር ተንቀጠቀጠ።

ምስሎቹን አስተያየሁ። በመጀመሪያው ቀን ዶቃዎቹ ሁሉ ሙሉ ነበሩ። የዛሬዎቹ አብዛኞቹ ፈንድተው ባዶ ሆነዋል። በውስጣቸው የነበረው ጥቁር ዱቄት የት ሄደ? ወለሉን በጣቴ ዳሰስኩ፤ ምንም የለም። መውጫ ሁሉ ዘግቻለሁ። ቀና ስል የልጄን የተከፈተ አፍ አየሁ።

ምስማሩን እንዴት እንደነቀልኩት አላስታውስም። ከነብርድ ልብሷ ታቅፌ አወጣኋት፤ ከእናቷ ጋር ጤና ጣቢያ ወሰድናት። የመረመረቻት ሐኪም ደረቷን ስታዳምጥ ቆይታ፣ «የምትተኛበት ክፍል እርጥበት ወይም ሻጋታ አለው?» አለች።

«አለው» አልኩ።

ሚስቴ ዞር ብላ አየችኝ። ቤት ስንደርስ በረኪናውን ከእጄ ተቀብላ ግድግዳውን ብቻዋን ፈገፈገችው።

ልጄ ሳሎን ተኛች። መድኃኒቷን ልሰጣት አጠገቧ ስቀመጥ፣ በቀጭን ድምፅ፣ «ካየኸው ስንት ቀን ሆነህ?» አለችኝ።

ሦስት ማለት ፈልጌ ነበር። «ዘጠኝ» አልኳት።

«እየሳልኩ?»

«እየሳልሽ።»

ጥፋት ስትሠሩ ሳትጠየቁ ተናገሩ ብዬ ነው ልጆቼን ያሳደግሁት። እኔ የተናገርኩት ስጠየቅ ነው፤ ያውም ሁለት ሰው ከጠየቀኝ በኋላ። ይቅርታ አልኳት። ቃሉ ለአፌ እንግዳ ስለነበር እንደ ትዕዛዝ ሆኖ ወጣ።

«አሳየኝ» አለች።

ካሜራውን ሰጠኋት። ብርሃኑ ፊቷ ላይ አርፎ፣ አንዱን ምስል አፍጥጣ አየችው።

«ያምራል» አለች። መለሰችልኝና ካሜራውን የያዘችበትን እጇን በብርድ ልብሱ ደጋግማ ጠረገች።