ገደ ቢሷ ተከራይ

ዓለም ባንክ ሰፈር የተከራየሁበት ግቢ ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ነው። ይህን የማያውቅ የለም። ያን ሰሞን ግን ውሃችንን ያደረቀችው አንዲት ሴት ናት ተባለ።

ሴትየዋ ከቆሼ ቆሻሻ መጣያ ፕላስቲክ እየለቀመች ልጇን የምታሳድግ ነበረች። ከእኔ አጠገብ ያለችውን ሰርቪስ ክፍል ተከራይታ ፍራሿን ስታስገባ፣ ቧንቧው ሳል ሳል አለውና ቀጥ አለ። አከራያችን ባልዲያቸውን እንደያዙ መጀመሪያ ቧንቧውን፣ ቀጥሎ ሴትየዋን አዩ። አለቀ!

"ገደ ቢስ ናት" አሉ።

ጠዋት ሱቃቸው ቀድሞ የገባ ሰው ሳይገዛ ከወጣ ቀኑን ሙሉ ሲያኮርፉ የሚውሉ ሴት ናቸው። ውሃው ደግሞ ፈረቃውንም ረስቶ ጠፋ። ጎረቤቶቼ እሷ ስታልፍ ጀሪካናቸውን ይከድኑ ጀመር። ባዶውን ጀሪካን እኮ ነው!

"እማማ፣ ቤቴልም ውሃ የለም። እዚያም ተከራይታለች እንዴ?" አልኳቸው፣ ንድድ ብሎኝ።

"ውይ በሞትኩት! ቤቴል ድረስ ከተረፈችማ ጉዳችን ነው" አሉና አማተቡ።

አንድ ቀን እሷ ቤቷ እያለች ውሃ መጣ። ተመስገን፣ አሁን ይተዋታል ብዬ ነበር። "ተኝታ ስለነበር ነው" ተባለ። ምን ይባላል እንግዲህ?

በመጨረሻ ክፍሉን ልቀቂ አሏት። ልጇን እዚሁ ሰፈር ትምህርት ቤት አስገብታ ስለነበር፣ እስኪዘጋ ድረስ ታገሡኝ ብላ ለመነች። ማን ሊሰማት! ፍራሿን ተሸክማ፣ ልጇን አስከትላ ወጣች። በማግስቱ ውሃው ዧ ብሎ መጣ፤ ግቢው እልል አለ። እኔም ልብሴን አጠብኩ።

ሳምንት ሳይሞላ ውሃው ተመልሶ ጠፋ። "በዚህ በኩል አልፋ ይሆናል" አሉ አከራያችን፣ ምንም ሳያፍሩ።

በቅርቡ አየር ጤና ታክሲ ስጠብቅ አገኘኋት። ቤት አገኘሽ ወይ ስላት ሳቀች። ሳቋ ደስ የሚል አልነበረም።

"ሦስት ቤት አባረውኝ ነው የነቃሁት" አለችኝ። "አሁን ስከራይ መጀመሪያ የምጠይቀው ፈረቃውን ነው። ውሃ የሚመጣበትን ቀን ጠብቄ ገባሁ። አከራይዋ 'ገዴ ነሽ!' ብለው ሊስሙኝ ነው። ልጄ ግን ትምህርቷን አቋረጠች።"

ግቢ ስገባ አከራያችን ደረቁ ቧንቧ ሥር ቆመዋል። ስሟን ማጥፋቱን ይተዉ እንደሆነ ብዬ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ የፈረቃውን፣ የልጅቷን፣ አንድም ሳላስቀር። ባልዲያቸውን መሬት ላይ ጣሉት።

"አላልኩም?" አሉ። "ውሃችንን ይዛብን ሄዳለች!"