በር ጋ የቆሙ ዱላዎች

ቅዳሜ ንጋት፣ ለሚ ኩራ

እኛ ብሎክ ዶሮ የለም፤ የቀሰቀሰኝ የአሸዋ መኪና ነው። ስድስት የወይራ ዱላ በማዳበሪያ ጠቅልዬ፣ በገመድ አስሬ፣ የራሴን በእጄ ይዤ ከአራተኛ ፎቅ ወረድኩ። ሊፍቱ ይገባል ከተባለ ቆየ፤ እኔም ጠብቄው አላውቅም።

የምሄደው ወደ ትውልድ ከተማዬ ነው። ስሟን አልጽፍም። ከጻፍኩ የአገሬ ሰው ሁሉ ዱላ ቅረጽልኝ ብሎ መግቢያ ያሳጣኛል። ትንሽ የአውሮፕላን ማረፊያ አላት። እዚያ ሥዕል የምታስተምር ሰናይት የምትባል ልጅ፣ የተወላጆችን ሥራ ሰብስባ ማረፊያው አዳራሽ ውስጥ ለመንገደኛ ልታሳይ ተነሳች። ሥዕል አለ፣ ሸክላ አለ፣ የኔም ዱላ ይኑር አለች። ሃያ ሁለት ሰፈር አንድ ሆቴል በር ላይ በጥበቃ ስሠራ ቁጭ ብዬ የቀረጽኳቸው ናቸው። አባባ በሰው ይላኩልኝ ብላኝ ነበር። ዱላዬን ብቻውን አልልክም አልኩ። ብትለምነኝም፣ ብትቆጣም ያው ነው። በመጨረሻ ቲኬት ቆረጠችልኝ።

መገናኛ

የሚኒባሱ ረዳት ጥቅሉን ዳበስ አድርጎ፣ «ፋዘር፣ የማንን ሰርግ ሊበጠብጡ ነው?» አለኝ። ሰው ሳቀ፤ እኔም ሳቅኩ። ለጥቅሉ ሒሳብ ይጨምሩ ሲለኝ ግን አልሳቅኩም። ጉልበቴ መሐል አቁሜ ያዝኩትና፣ ወንበር አልያዘም፣ ቆሞ ነው የሚሄደው አልኩት። ከዚያ ወዲያ አልጠየቀኝም።

መንገዱ ሰፍቷል። ግራና ቀኝ ዛፍ ተተክሏል፣ አምፖሉ እንደ ጥምቀት ነው። ድሮ ይሄ ሁሉ የጤፍ ማሳ ነበር። አጠገቤ የተቀመጠች ሴትዮ የአባቷ እርሻ የነበረበትን በጣቷ አሳየችኝ፤ አሁን ነዳጅ ማደያ ነው። እስኪያልፈን አየነው።

ሾላ

ቅቤ ልገዛ ወረድኩ። ወይራ ቅቤ ካልጠጣ ይሰነጠቃል። ባለ ቅቤዋ ለራስ ነው ለወጥ አለችኝ። ለዱላ አልኳት። ቀና ብላ አየችኝና ለጋውን መልሳ ሸፈነችው፤ ዱላ ላይ ማባከን ነው ብላ የበሰለውን በቅጠል ቋጠረችልኝ። ዋጋውን አልነግራችሁም፤ ቁርሳችሁ ይበላሻል።

ሃያ ሁለት

ሆቴሉ በር ላይ ገብሬ አለ፣ የጥበቃ ባልደረባዬ። ዛሬና ነገ የኔን ተራ የሚሸፍነው እሱ ነው። ትኩስ ፉል በዳቦ አስመጣልኝ። እየበላን ዱላዎቹን ቅቤ ቀባናቸው፤ የሚወጣው የሚገባው እንግዳ ያየናል። ገብሬ በአውሮፕላን ሄዶ አያውቅም፣ ምክር ግን አያጥረውም። መስኮት ጋ አትቀመጥ አለኝ። ቀጥሎ፣ «እዛ ሄደህ ግግም እንዳትል። የሰው አገር ነው» አለ።

«አገሬ እኮ ነው» አልኩት።

«ከሃያ ዓመት በኋላ የማን አገር አለህ? እንግዳ ነህ።»

ይቺ ነገር እስከ ቦሌ አብራኝ ሄደች።

ቦሌ

ጥቅሉ በጭነት በኩል ሄደ። በእጄ ያለውን ፈታሿ ልጅ ተቀብላ አገላብጣ አየችው። አባባ ይሄ ዱላ ነው ምርኩዝ አለችኝ። ቀን ቀን ምርኩዝ ነው፣ ማታ ማታ ሥራ አለው አልኳት። ሳቋን ይዛ በማሽን አሳለፈችልኝ።

መስኮት ጋ ተቀመጥኩ። ከላይ ሲታይ የኛ ኮንዶሚኒየም የክብሪት ቀፎ ነው። ከዚያ ደመና፣ ከዚያ ተራራ፣ ሻይ ሳልጨርስ ደረስን። በአውቶቡስ ሌሊት ተነስተን ስንት ቁልቁለት የወረድንበትን አገር በአንድ ሻይ ማለፍ ደስም ይላል፣ ቅርም ያሰኛል።

ማረፊያው

አዳራሹ አንድ ነው። የሚሄደውም የሚመጣውም እዚያው ነው። ግድግዳው በሥዕል ተሞልቷል፤ የቅዳሜ ገበያ፣ በቅሎ፣ ዝናብ የመታው ቆርቆሮ ቤት። ደስ አለኝ። ሰናይት ቀጭን ልጅ ናት፣ እጇ ቀለም ነክቶታል። ጉልበቴን ልትስም ስትል ያዝኳት። የርስዎ ቦታ ይሄውና ብላ አሳየችኝ፤ መሐል ግድግዳው ላይ ምስማር ተደርድሯል።

መፍታት የጀመርኩትን ጥቅል መልሼ አሰርኩት፤ አይሰቀሉም፣ በር ጋ ይቁሙ አልኩ።

እኛ አገር ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው የሞተ ሰው ዱላ ነው። በሕይወት ያለ ሰው ዱላውን በር ጋ ያቆማል፤ ሲገባ አቁሞ ሲወጣ ያነሳዋል። የአባቴን ዱላ ተሰቅሎ ነው ያገኘሁት፣ ለቀብሩ ሳልደርስ። ከዚያ ወዲህ ነው ያልተመለስኩት።

ሰናይት ግድግዳው ላይ ብርሃን አለ፣ በደንብ ይታያል አለችኝ። የማረፊያው ሠራተኛም መጣ። በር ጋ ከቆመ ከመንገደኛ ዱላ ጋር ይደባለቃል፣ ሰው አንስቶ ይሄዳል አለ። እውነቱን ነው። እኔ ግን ገመዱን ማጥበቄን አልተውኩም።

«ልጄ፣ እኔ አልሞትኩም» አልኳት። «ስድስቱን ስትሰቅይ ስድስት ጊዜ ትቀብሪኛለሽ። ወይ በር ጋ ይቁሙ፣ ወይ ይዣቸው ልመለስ።»

ቀና ብላ ምስማሮቹን አየች። ተናደደች ብዬ ነበር። «የአያቴ ዱላ ከእናቴ አልጋ በላይ ተሰቅሏል» አለች። «ለምን እንደማታወርደው ጠይቄያት አላውቅም።» ወንበር ላይ ወጥታ ምስማሩን በጉጠት አንድ በአንድ ነቀለችው።

ዱላዎቹ ወደ አውሮፕላኑ ሜዳ በሚያስወጣው በር አጠገብ ቆሙ፤ ስሜም በወረቀት ተጻፈ። ማታ ቤቷ ሽሮ በላሁ። እናቷ የአባቴን ስም ጠርታ አወቀችኝ። ገብሬ ተሳስቷል።

እሁድ ጠዋት

ልመለስ ስጠብቅ አንድ ጋቢ የለበሱ ሽማግሌ ሲገቡ አየሁ። ወደ በሩ ሄዱ፤ ዱላዎች ቆመዋል። እንደ ደንቡ የራሳቸውን ከጎን አቁመው ተቀመጡ። ያረጀ ነው፣ ወገቡ ላይ ተሰንጥቆ በሽቦ ታስሯል። መሳፈሪያው ሲጠራ ተነሱና እጃቸው ያገኘውን አነሱ። የኔን ነው። ከስድስቱ ደህናውን።

ልትሸኘኝ የመጣችው ሰናይት አይታ ልትሮጥ ስትል እጅጌዋን ያዝኩ። ተይው አልኳት። ቆሞ ሲታይ ያደረ ዱላ በሰው እጅ ሲሄድ ልየው ብዬ ነው። ሽማግሌው ፊት ፊቴ፣ ዱላዬ አስፋልቱን ቋ ቋ እያደረገ፣ እስከ አውሮፕላኑ ሄድን። እንደዚያ ቀን ኮርቼ አላውቅም።

ቦሌ ስንደርስ ግን ሰውየው መውጫው ላይ ቆሙ። የዱላውን ወገብ ይዳብሳሉ፤ ሽቦውን እየፈለጉ ነው። ፊታቸው ጠቆረ።

«የሰው ዱላ ይዤ መጣሁ» አሉኝ፣ አጠገባቸው ስለነበርኩ። «ለሕክምና ነው የመጣሁ። ልጆቼን ተሰናብቼ። በዚህ በመጨረሻዬ ደግሞ ሌባ ልሁን?»

ዝም ማለቴ ያን ጊዜ ቆጨኝ። የዱላው ባለቤት እኔ ነኝ፣ አየሁ፣ ደስ ብሎኝ ነው ዝም ያልኩ አልኳቸው። ሊመልሱልኝ ዘረጉ፤ አልተቀበልኩም። እየሄዱበት ይቆዩ፣ የርስዎ እዚያው አለ አልኳቸው።

«ሰቀሉት?»

«አልሰቀሉትም። በር ጋ ቆሟል።»

ትንሽ አሰቡ። ጋቢያቸውን ወደ ትከሻቸው መለሱ።

«በር ጋ ከቆመማ ሄጄ ማንሳት አለብኝ» አሉ።

ውጭ እዚሁ የሚኖረው ልጃቸው መኪና አቁሞ ይጠብቃል። ክንዳቸውን ሊይዝ ሲል በዱላው ዞር በል አሉት፤ ብቻቸውን ገቡ።

ለሚ ኩራ

አራተኛ ፎቅ ደርሼ ዱላዬን በር ጋ ሳቆም ስልኬ ጮኸ። ሰናይት ናት። አንዲቱ ባለ ሽቦ ዱላ ስም የላትም፣ መንገደኛው የማን ናት ይለኛል፣ ወረቀቷ ላይ ምን ልበል አለች።

«ባለቤቱ መንገድ ላይ ነው በዪ» አልኳት።