በዓለ ሃምሳ መደበቂያ የለውም

አንኮበር ላይ አንገቴን የማያይ ሰው አልነበረም። ማተቤን ወፍራም አድርጌ ባስር «ምን ሊሸፍንበት ነው?» አሉ፤ ባቀጥነው ደግሞ «ሲመቸው ሊበጥሰው ነው» አሉ። አልፈርድባቸውም። አባቴ የአልዩ አምባ ጨው ነጋዴ ነው፣ ሰላቱን የማያጓድል ሰው። ዘመኑም ሙስሊሙ ሁሉ እንዲጠመቅ የታወጀበት ዘመን ነበር። ከአዋጁ በፊት ልቤ አዘንብሎ ነበር ብል ማን ያምነኛል? የተጠመቅሁት ከአዋጁ በኋላ ነው። አንዳንድ ቀን እኔም ራሴን እጠረጥራለሁ።

ልቤ ያዘነበለው በስቅለት ቀን ነው። ጨው ጭኜ ዳገቱን ወጥቼ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር አጠገብ ሳልፍ፣ አንድ ትልቅ መኰንን ከገዛ ሎሌው ጎን መሬት ላይ እየወደቀ ሲሰግድ አየሁ። «ማን እንዲያይለት ይሆን?» ብዬ ፊቱን ለማየት ዞሬ ሄድሁ። ያሳደገኝ ነጋዴ ስለሆነ የሰው ፊት መመርመር አውቃለሁ። ፊቱ በላብና በእንባ ርሷል፤ ዓይኑ እኔ ላይ አርፎ እንኳ አላየኝም። ያን ፊት ልጠረጥረው ብዙ ደክሜ አልሆነልኝም።

ስጠመቅ ዘመዶቼ «ርስት ፈልጎ ነው» አሉ። አንኮበሮች ደግሞ «ከሁለቱም ወገን ሊነግድ ነው» አሉ። ሁለቱ የተስማሙበት ነገር ቢኖር ውሸታምነቴ ብቻ ነው።

ደብረ ብርሃን ሄጄ በብርዱ እየተንቀጠቀጥሁ፣ ከውሻ ጋር እየታገልሁ ቁራሽ ለምኜ ተማርሁ። በልጅነቴ ቁርዓን በዐረብኛ ቀርቼ ስለነበር ግእዙ አልከበደኝም፤ ያገኘሁትን መጽሐፍ ሁሉ አነበብሁ። ስመለስ የደብሩ አለቃ፣ ደፋር ሰው ናቸውና፣ የሰፈሩን ጎረምሶች ሰጡኝ። ከቅዳሴ በኋላ ጥዱ ሥር ሰብስቤ ወንጌሉን ባማርኛ እየፈታሁ አስተምር ጀመር። መጀመሪያ የመጡት «የጨው ነጋዴው ልጅ ሲሰብክ እንይ» ብለው ነው። ቆይተው ግን መጠየቅ ጀመሩ፤ መከራከርም ጀመሩ። አንዱ ሳያስበው «የኔታ» ሲለኝ ጆሮዬን አላመንሁም። ከዚያ ወዲህ በዓለም ላይ እንዳይወሰድብኝ የምሰጋለት ነገር ያ ጉባኤ ብቻ ሆነ።

ሊወስዱብኝ የተነሡት ጭቃ ሹሙ ናቸው። ሁለት ልጆቻቸው ጉባኤዬ ውስጥ ነበሩ፤ እሳቸው ልጆቻቸውን ካስቀሩ የሌላውም አባት ያስቀራል። የያዙት ነገር ደግሞ እውነት ነበር። «ይህ ሰው የክርስቲያን ሥጋ ሲበላ ያየ አለ?» ብለው በየደጁ ጠየቁ። አልነበረም። እምነቴ ተለውጧል፤ በአባቴ ቤት ያደገ ጉሮሮዬ ግን ክርስቲያን ያረደውን ሥጋ ሲያይ ይዘጋል። እስከዚያ የኖርሁት በጾማችን ብዛት ተሸፍኜ ነው። ረቡዕ አለ፣ ዓርብ አለ፣ ሁዳዴ አለ፣ ፍልሰታ አለ፤ በመካከሉ ለሚቀሩት ቀናት የሆድ ቁርጠት አለ።

ጭቃ ሹሙ ታዲያ በበዓለ ሃምሳ ጠሩኝ። ከፋሲካ በኋላ ባለው በዚያ ወራት ጾም የለም፤ ረቡዕም ይበላል። እሳቸውም ረቡዕን መረጡ። ቤቱ በሽማግሌ ሞልቷል፤ አለቃም አሉ። ብርንዶው ሲቀርብ ጭቃ ሹሙ ካራውን አቀበሉኝና በጣፋጭ ድምፅ፦

«ረቡዕ ነው ብለህ ብትተወው አንቀየምህም» አሉኝ።

ወጥመዱን አየሁት። ሰበቡን ብቀበል የበዓለ ሃምሳን ሕግ የማላውቅ መምህር እሆናለሁ፤ ሥጋውን መጸየፌም ይገለጣል።

«በዚህ ወራት ረቡዕ አይጾምም፣ ጌታዬ» ብዬ በስመ አብ አልሁና ቆረጥሁ። ጎረስሁ። አልወርድ አለኝ። እንደ ምንም ስውጠው እንባዬ ፈሰሰ።

«ኧረ አዋዜው ፈጀው!» አለች ሚስታቸው ከጓዳ በር፣ እየሳቀች።

አዎ ማለት ይቀል ነበር። ግን ሐሰትን ተዉ እያልሁ የማስተምራቸው ሁለቱ ጎረምሶች ከበሩ ቆመው ያዩኛል።

«አዋዜው አይደለም፣ እመቤቴ» አልሁ። «ልቤ ከተጠመቀ ቆይቷል። ጉሮሮዬ ገና ንኡሰ ክርስቲያን ነው።»

አለቃ ሳቃቸው አመለጣቸው። «እንግዲህ ጉሮሮውን አይደለም ለልጆቹ የሰጠነው» አሉ።

ጭቃ ሹሙ አልሳቁም። «ብልህ ነው» አሉ ጎናቸው ላለው ሽማግሌ፣ እኔ እንድሰማው አድርገው። «እውነት ተናግሮ አታለለን።»

ልጆቹን ግን አላስቀሩም፤ የሚሰልል አጎት ጨመሩባቸው እንጂ። አጎትዬው ጋቢውን ተከናንቦ ከኋላ ይቀመጣል፤ ስሕተት እየጠበቀ የማይቀር ተማሪ ሆነ።

ባለፈው ክረምት ከአልዩ አምባ የመጣ፣ ገና የተጠመቀ ወጣት ጉባኤያችን ገባ። የማተቡ ክር አዲስ ነው። ጎረምሶቹ ተጠቃቀሱ፤ የጭቃ ሹሙ ታላቅ ልጅ ጠጋ ብሎ፦

«የኔታ፣ የፍልሰታ ጾም ሲፈታ በግ እንረድና ይምጣ እንዴ?» አለኝ በሹክሹክታ።

ልክ እንደ አባቱ በጣፋጭ ድምፅ።

«ገብስ ቁሉና አምጡ» አልሁት። ቆሎ በአባቴም ቤት፣ በአባቱም ቤት ይበላል፤ ማን አረደው ተብሎ አይጠየቅበትም። ከዚያ ወዲህ ጉባኤዬ ላይ ሌላ ነገር አይቀርብም።

አጎትዬው ቆሎውን እየቆረጠመ «ሥጋ የከለከለበት ምክንያት አለው» ይላል።

ምክንያትስ አለኝ።